ስኩተሩ ለምን ዘገየ? ከአራት ኪሎ እስከ ቦሌ የተለካ አንድ ጉዳይ

የእህቴ ልጅ ደወለና "ጋሼ፣ ስኩተሬ ሞተብኝ" አለኝ። ሞተ ሲል ቆመ ማለቱ አይደለም። ዘገየ ማለቱ ነው። ቆመው የሚነዱት የኤሌክትሪክ ስኩተር ነው፤ ከስምንት ወር በፊት ሲገዛው ሜዳ ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ይሄድለት ነበር። አሁን ከ21 አያልፍም። ዳገት ላይ ደግሞ በአንድ እግሩ መሬቱን እየገፋ ነው የሚያግዘው። "ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ በእግራቸው ቀደሙኝ እኮ!" አለ። አጋኗል። ግን ያን ያህልም አላጋነነም፤ በኋላ ስንለካው አየነው።

የደወለው እንዳይለት ፈልጎ አልነበረም። እሱ ውሳኔውን ጨርሷል። ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ "እከፍትልሃለሁ" ብሎታል። መክፈት ማለት ስኩተሩ ላይ የተቀመጠውን የ25 የፍጥነት ገደብ በሶፍትዌር ማንሳት ነው። 35 ይገባል ተብሏል። ከእኔ የተፈለገው ብር ብቻ ነበር።

ብሩን አልከለከልኩትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት። "25 መሄድ ያቃተው ስኩተር ገደቡ ሲነሳ በምን ተአምር 35 ይሄዳል?" ዝም አለ። "እሁድ ይዘኸው ና" አልኩት።

ስኩተሩና መንገዱ

የስኩተሩን ስም መጥራት አያስፈልግም። ያገለገለ ነው፤ ከሰው እጅ ነው የገዛው። ዓይነቱ ግን ከተማው ውስጥ በብዛት የሚታየው ነው። 350 ዋት ሞተር የፊት ጎማው ውስጥ ተቀብሯል። ባትሪው 36 ቮልት፣ 10 አምፔር ሰዓት ነው። ጎማዎቹ 8.5 ኢንች ሆነው ነፋስ የሚሞሉ ናቸው። ከኋላ የዲስክ ፍሬን አለው፤ ከፊት ደግሞ ሞተሩ ራሱ ኃይል ወደ ባትሪ እየመለሰ ያዘገያል። መሪው ታጥፎ ይተኛል። ስኩተሩ 14 ኪሎ ይመዝናል፣ ልጁ 80፣ ላፕቶፕና ምሳ ዕቃ የያዘው ቦርሳ 6። ድምሩ ልክ 100 ኪሎ። ለሂሳብ ከዚህ የተሻለ ሰው አይገኝም።

ቤቱ አራት ኪሎ አካባቢ ነው፣ ሥራው ቦሌ። ጠዋት በታላቁ ቤተ መንግሥት በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ሒልተንን አልፎ በአፍሪካ አዳራሽ በኩል መስቀል አደባባይ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቦሌ። ማታ በዚያው ሽቅብ። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ ብዙው መንገድ የብስክሌት መስመር አግኝቷል፤ እሱም ስኩተር ለመግዛት የደፈረው በዚህ ነው።

ይህ መንገድ ለጉዳዩ ቁልፍ ስለሆነ ልብ በሉት። ጠዋት ሰውዬው ሞተር አያስፈልገውም፣ ፍሬን ነው የሚያስፈልገው። ማታ ደግሞ ፍሬን ሳይሆን ሞተር። እንዲህ ዓይነት መንገድ ላይ "ፍጥነት" የሚለው ቃል ጠዋትና ማታ የተለያየ ትርጉም አለው።

ከፍታውም የራሱ ነገር አለው። የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠረፍ ከተሞች አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። የቤንዚን ሞተር ይህን አይወድም፤ ሲተነፍስ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፣ አቅም ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። እንዲያውም የሚገፋው አየር ስለሚቀለው ሜዳ ላይ ይጠቀማል። ስለዚህ "ከፍታው ነው ያደከመው" የሚለውን ምክንያት ገና ከመጀመሪያው ጣልነው።

መጀመሪያ መለካት

እሁድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰውም መኪናም የለም። የስኩተሩን ቆጣሪ አላመንኩትም፤ የስልኩን ጂፒኤስ ከፈትን። አንዱን ቀጥ ያለ ቦታ ሁለት ጊዜ ሄደው፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰው። መሄድና መመለሱ ለነፋስና ለማይታይ ተዳፋት ነው፤ ሜዳ የሚመስለው መንገድ ሁሉ ሜዳ አይደለም።

ቆጣሪው 21 ሲል ጂፒኤሱ 18.5 አለ። ልጁ ፊቱ ተለወጠ። እሱ ዘገየ ሲል ከነበረው እንኳ የዘገየ ነው።

ከዚያ ዳገቱ። ከሒልተን ፊት ለፊት ተነስቶ ወደ ላይ ወጣ። 9 ኪሎ ሜትር በሰዓት። ሁለት ጊዜ በእግሩ ረዳው። ሽማግሌው ትንሽ ፈጠን ብለው ተራምደው ከሆነ እውነቱን ነው።

አንድ ሕግ አወጣሁ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እንነካለን፣ ከዚያ እንለካለን። ልጁ አልወደደውም። "ሁሉንም አስተካክለን አንዴ ብንለካስ?" አለ። እንደዚያ ከሆነ ግን የትኛው እንደበላው አናውቅም። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሲዘገይ እንደገና ደውሎ ብር ይጠይቀኛል።

ጎማው

ጎማውን በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ። ይህ ለመኪና ጎማ ቢሆን ያስደነግጣል። የስኩተር ጎማ ትንሽ ስለሆነ ግን ዓይን አያየውም፤ ልጁ ሲቆምበት ብቻ ነው ትንሽ ተጨፍልቆ የሚታየው። ለካነው። ፊት 24 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ ነው)፣ ኋላ 19። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን 50 ነው።

"ለምን አታስነፋውም?" አልኩት። "ጎሚስታው ጋ ሄጄ ነበር፣ አይገባም አለኝ" አለ። እውነቱን ነው። የስኩተር ጎማ ትንሽ ስለሆነች የኮምፕረሰሩ አፍ በቸርኬውና በነፋስ ማስገቢያው መካከል አይቆምም። ጎሚስታው አጣምሞ ለማስገባት ሲታገል ጭራሽ የነበረውን ነፋስ አስወጣው። መፍትሔው የጣት ያህል ርዝመት ያላት፣ የታጠፈች ማስረዘሚያ ናት። ብዙ ስኩተር ሲሸጥ ካርቶኑ ውስጥ አብራ ትመጣለች። ልጁ ስኩተሩን ከሰው እጅ ስለገዛ ካርቶኑንም ማስረዘሚያዋንም አላገኘም። ስምንት ወር ሙሉ አንዴም ሳይነፋ ነድቷል!

ማስረዘሚያ ተገዛ። በብስክሌት ፖምፓ ፊቱን 42፣ ኋላውን 45 አደረስነው። ኋላው የሚበልጠው ሰውዬው የሚቆመው ወደዚያ ስለሆነ ነው። 50 ድረስ አልሄድንም። ድንጋይ የሆነ ጎማ ፍጥነት ትንሽ ይጨምር ይሆናል፣ ግን ትንሽ ጠጠር ሲያገኝ ይዘላል። የዘለለ ጎማ ደግሞ ፍሬን አይዝም።

ለካነው። 21 ሆነ። በነፋስ ብቻ!

ላልቶ የነበረ ጎማ ሌላም ጣጣ አለው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ካላማዳሪያው በቸርኬውና በአስፋልቱ መካከል ይነከሳል። ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ይፈጠራሉ፣ እባብ የነደፈው ይመስላል። ልጁ እስከዛሬ ያልደረሰበት በዕድሉ ነው።

ራሱን የሚጎትት ፍሬን

የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስተን በእጅ አሽከረከርነው። አንድ ዙር ተኩል ሄዶ ቆመ። "ሽሽሽ" የሚል ድምፅ ነበረው። ልጁ ያንን ድምፅ ለምዶት ሰምቶትም አያውቅም። ትንሽ ነድቶ ሲመለስ ዲስኩ ላይ ጣቴን አስጠግቼ ወዲያው መለስኩት። ግሎ ነበር። ያ ሙቀት ከየት መጣ? ከባትሪው። ባትሪው የሰጠውን ኃይል ፍሬኑ ቁጭ ብሎ እያሞቀ ይበላዋል።

ማስተካከሉ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የፍሬኑን ማቀፊያ የያዙት ሁለት ብሎኖች አሉ። በትንሹ ታላላቸዋለህ። የፍሬን መያዣውን አጥብቀህ ትጨብጣለህ፤ ማቀፊያው ራሱ ዲስኩን መሃል ላይ ያደርገዋል። እንደጨበጥክ ብሎኖቹን መልሰህ ታጠብቃለህ። ስንለቀው ጎማው ዞረ ዞረ፣ 14 ዙር ቆጠርን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ፍሬኑ እንዳይነካ ብሎ ገመዱን ያላላዋል። ጎማው በነፃ ይዞራል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ደስ ይላል። ፍሬን ሲይዝ ግን መያዣው መሪው ድረስ ይመጣል። የእኛ ልጅ ይህን እንዳያደርግ ገመዱን ጭራሽ ትንሽ አጠበቅነው። መያዣው ግማሽ መንገድ ሳይሄድ መያዝ መጀመር አለበት።

ለካነው። 23.5።

ቻርጀሩ

የቀረው አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ በቃኝ ብሎ ነበር፣ እኔ ግን አንድ ነገር ከንክኖኝ ነበር። ቻርጀሩ የራሱ አይደለም። የመጀመሪያው ሲቃጠል ከአንድ ሱቅ "ይሆነዋል" ተብሎ የገዛው ነው።

36 ቮልት የሚባለው ባትሪ ውስጡ አሥር የሊቲየም ሴሎች በተከታታይ ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። አሥሩ ሲደመሩ 42። ሙሉ ባትሪ 42 አካባቢ ማለት አለበት። ቻርጀሩ "ሞላሁ" ብሎ አረንጓዴ ሲያበራ በቴስተር ለካሁት። 40.3።

ይህ ትንሽ ይመስላል። ግን ሁለት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ብዙ ባትሪዎች ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሴሎቹን የሚያመጣጥነው ወደ ሙሉ ሲቃረቡ ነው። ሙሉ የማይሆን ባትሪ አይመጣጠንም። ከዚያ አንዷ ደካማ ሴል ሌሎቹን ሁሉ ወደ ታች ትጎትታለች። ሁለተኛ፣ ቮልት ማለት ለዚህ ሞተር ፍጥነት ማለት ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር እሱም እንደ ጄነሬተር ተቃራኒ ቮልት ያመነጫል። በፈጠነ ቁጥር ተቃራኒው ይጨምራል። ከባትሪው ጋር ሲቀራረብ የሚያስገፋው ነገር ያጣል። ጣራው ይኸው ነው። ሶፍትዌር ይህን ጣራ እንደ ልቡ አያነሳውም።

ሱቁ ውስጥ ሁለተኛ ቻርጀር ሊሰጡት ሲሉ ደወለልኝ። "ሶኬቱ ልክ ገብቷል ጋሼ፣ 36 ቮልት ይላል" አለ። መውጫው ላይ የተጻፈውን አስነበብኩት። 44 ምናምን። ለሊድ አሲድ ባትሪ የተሠራ ነው። 36 ቮልት የሚለው ስም አንድ ነው፣ የሚሞላበት ቮልት ግን ሌላ። ሊቲየም ባትሪ ላይ ከልክ በላይ ቮልት መስጠት እሳት መጥራት ነው። የሶኬት መግጠም ምንም ማለት አይደለም። የሚታየው የመውጫው ቮልት ነው፦ 42.0።

ትክክለኛው ተገኘ። የመጀመሪያውን ቀን ቅዳሜ ከሰዓት፣ እኛ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን፣ አረንጓዴው ከበራም በኋላ ጥቂት ሰዓት ተውነው። 41.9 አለ። እሁድ ጠዋት ሜዳው ላይ 24.8። ገደቡ ላይ ደርሰናል ማለት ነው። ለዘገየው ስኩተር የወጣው ወጪ አንዲት ማስረዘሚያና አንድ ቻርጀር ነው።

"ቋ"

ልጁ ግን አልረካም። ከ18.5 ወደ 24.8 መጥቶ እንኳ 35ን አልረሳም። ክርክሩም ባዶ አልነበረም። "የብስክሌት መስመሩ በሚቋረጥበት ቦታ ከሚኒባስ ጋር ስቀላቀል 25 መሄድ ነው የሚያስፈራኝ። ሁሉም እየገፋኝ ያልፋል" አለ። ይህ እውነት ነው። የፍጥነት ልዩነት አደጋ ነው። ባለ 8.5 ኢንች ጎማ በ35 ከሚኒባስ ጎን መሄድ ደግሞ ሌላ አደጋ ነው።

ፍራንክፈርት ያለው ዘመዳችን በቤተሰቡ ቴሌግራም ገብቶ ሳቀበት። ጀርመን ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የስኩተር ጣራው 20 ነው፤ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል፣ ምልክቱም ስኩተሩ ላይ ይለጠፋል። ከፍተህ ከተያዝክ ፈቃዱም ኢንሹራንሱም የሉህም። "እኔ በ20 እሄዳለሁ፣ አንተ በ25 ታማርራለህ" አለው። ልጁ አልተጽናናም።

ስለዚህ ስምምነት አደረግን። መጀመሪያ ፍሬኑን እንለካለን። በ25 በደንብ የሚቆም ከሆነ ስለ 35 እናወራለን።

የአንድ ወዳጄ ግቢ ውስጥ ጥሩ አስፋልት አለ። በጠመኔ መስመር አሰመርን። መስመሩ ላይ ሲደርስ ይይዛል፤ የቆመበትን በሜትር እንለካለን። ሄልሜት፣ ጓንት፣ ረጅም ሱሪ። መጀመሪያ በ15፣ ከዚያ በ20፣ ከዚያ በ25።

በ25 የመጀመሪያው ሙከራ 11 ሜትር ፈጀ። የኋላ ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተ፣ ልጁም ቀጥ ብሎ እንደቆመ ወደ መሪው ተደፋ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ስትይዝ ክብደትህ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላው ይቀላል፣ የቀለለ ጎማ ይንሸራተታል። ጉልበትህን ታጥፋለህ፣ መቀመጫህን ወደ ኋላና ወደ ታች ታደርጋለህ፣ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን እየጨመርክ ትይዛለህ። ከአሥር ጊዜ በላይ ሞከረ። 7.5 ሜትር ላይ አረፈ። ምንም ዕቃ ሳይገዛ ሦስት ሜትር ተኩል አተረፈ። ከነገሩ ሁሉ እኔን ያስደሰተኝ ይኸኛው ነው።

ከዚያ ነው "ቋ" የሚል ድምፅ የሰማሁት። በእያንዳንዱ ፍሬን መጨረሻ ላይ፣ ከታች፣ መሪው ከሚታጠፍበት። እሱ እየነዳ ስለሆነ አልሰማውም። የፊት ጎማውን ግድግዳ ላይ አስደግፌ መሪውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ገፋሁት። ይንቀሳቀሳል። የጣት ስፋት ያህል። የመታጠፊያውን መሸፈኛ ሳነሳው ማጠፊያውን የያዘው ብሎን በሁለት ጣቴ ዞረ። በቁልፍ አይደለም። በጣት።

ዝም ተባባልን። ይህ ልጅ በዚህ ብሎን ስንት ጠዋት ነው ከቤተ መንግሥቱ ቁልቁል የወረደው?

ይህ ያልተሰማ ነገር አይደለም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) ሻኦሚ የተባለው የቻይና ኩባንያ ኤም 365 ከተባለው ስኩተሩ 10,257 ያህሉ ከገዢዎች እንዲመለሱለት ጠርቷል፤ ምክንያቱም መታጠፊያው ላይ ያለች አንዲት ብሎን ልትላላ፣ መሪውም ሊሰበር ይችላል የሚል ነበር። የእኛ ያ ሞዴል አይደለም። ግን የሚታጠፍ ስኩተር ሁሉ አንገቱ እዚያው ነው። ሙሉ ክብደትህ፣ ጉድጓዱ ሁሉ፣ ፍሬኑ ሁሉ የሚያርፈው እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ነው።

ብሎኑን አውጥተን አጸዳነው። ክሩ አልተበላም። የብሎን ማጣበቂያ ጠብ አድርገን በልኩ አጠበቅነው። "ቋ" ጠፋ።

የሁለቱ ፍጥነቶች ሂሳብ

ልጁ ስለ 35 ማውራት ያቆመው በብሎኑ ብቻ አይደለም። ቁጭ ብለን ወረቀት ላይ ስናሰላው ነው።

የሚሄድ ነገር የያዘው ጉልበት በፍጥነቱ ካሬ ያድጋል። ከ25 ወደ 35 ስትሄድ ፍጥነቱ በ10 ነው የጨመረው፣ ለማቆም የሚያስፈልገው ርቀት ግን እጥፍ ይሆናል። የእሱ 7.5 ሜትር ወደ 15 ይጠጋል። ከመያዝህ በፊት አይተህ እስክትነቃ አንድ ሰከንድ ብትወስድ በ25 7 ሜትር ሄደሃል፣ በ35 ወደ 10። ጠቅላላው 14 ሜትር ተኩል በአንድ በኩል፣ ከ24 በላይ በሌላ በኩል። ልዩነቱ ሁለት ሚኒባስ ተከታትለው የሚቆሙበት ቦታ ነው። በዚያ መካከል ደግሞ ከፌርማታ ዘሎ የሚወርድ ሰው አለ።

የሚገኘው ጥቅምስ? እንዲህ ዓይነት 36 ቮልት ስኩተር ሲከፈት ብዙውን ጊዜ 30 አካባቢ ነው የሚቆመው። የቮልት ጣራውን አስታውሱ። ልጁ በነፃ የሚፈስበት ሜዳ መንገድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ25 7 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ይፈጃል፣ በ30 6 ደቂቃ። ለአንዲት ደቂቃ ነው ሰውዬው ብር ሊከፍል የነበረው። ዳገቱ ላይ ደግሞ ገደቡ ምንም አይሠራም፤ እዚያ 25 የት ደርሶ ነው የሚነሳው? 100 ኪሎ በ5 በመቶ ዳገት በ25 ለማውጣት ጎማው ላይ ከ500 ዋት በላይ ይፈልጋል። ሞተሩ 350 ነው።

"እና ማታ ሁልጊዜ እንደዚህ ልዳክር?" አለ። ተገቢ ጥያቄ ነበር። ሁሉን አስተካክለን ማታ ዳገቱ ላይ ያገኘነው 12 ነው። ከ9 ይሻላል። ግን እሁድ ጠዋት በሙሉ ባትሪ ሲወጣ 14 ሄዶ ነበር። ያው ስኩተር፣ ያው ዳገት። ልዩነቱ ከየት መጣ?

ቦታው የተቀየረ ሶኬት

መልሱን ያገኘው እሱ ነው፤ ምስጋናውን አልወስድም።

ሁልጊዜ ቻርጅ የሚያደርገው ማታ ቤት ነው። ጠዋት በሙሉ ባትሪ ይነሳል፣ ቁልቁል ይወርዳል። ቁልቁል ሞተር አያስፈልገውም። ቦሌ ደርሶ ይውላል። ማታ በጎደለ ባትሪ ዳገቱን ይወጣል። የተሻለውን ቮልት በማያስፈልግበት ሰዓት እያባከነ፣ በሚያስፈልግበት ሰዓት በደከመው ይሠራል። ኃይል ማለት ቮልት ሲባዛ በአምፔር ነው። ስኩተሩ የሚያሳልፈው አምፔር የተወሰነ ስለሆነ ቮልቱ ሲወርድ ዳገቱ ላይ ያለው አቅም አብሮ ይወርዳል።

ከዚህ የባሰም ነበር። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ የሚያዘገየው ኃይሉን ወደ ባትሪ እየመለሰ ነው ብያለሁ። ባትሪው ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ ግን ማስገቢያ የለውም። የፊቱ ፍሬን ይደክማል ወይም ጨርሶ ይለቃል። ልጁ "ጠዋት ጠዋት ፍሬኑ ሰነፍ ነው፣ ብርዱ ነው መሰለኝ" ይል ነበር። ብርዱ አልነበረም። ቁልቁለቱ ላይ ጂፒኤሱ 33 አሳይቶናል፤ የፋብሪካው ገደብ ሞተሩን እንጂ የምድር ስበትን አይገድብም። ስለዚህ ያ የፈለገው 35 ሳይከፍል በየጠዋቱ ነበረው፣ ያውም በግማሽ ፍሬን፣ በላላ ብሎን።

"ቦሌ ባስሞላውስ?" አለ።

እንደዚያ ሆነ። መሥሪያ ቤቱ ስኩተር ወደ ፎቅ አያስገባም። ከጥበቃው ጋር ተነጋገረ፤ ሰውዬው ደግ ናቸው፣ ከጎጆአቸው አጠገብ መውጫ በሩን የማይዘጋ ጥግ ሰጡት። ከምሳ በኋላ ይሰካዋል፣ እሳቸው ያዩታል፣ ከመውጣቱ በፊት ይሞላል። ሌሊት ቤት ውስጥ ሰው ተኝቶ እያለ መሙላት በዚያው ቀረ፤ እህቴ በዚህ ብቻ ከእኛ ሁሉ በላይ ተደሰተች።

አሁን ማታ በ42 ቮልት ተነስቶ ዳገቱ ሥር ሲደርስ ብዙ ይቀረዋል። ዳገቱ ላይ 14 ይሄዳል፣ ሳይገፋ። ቤት ሲገባ ባትሪው ከግማሽ በላይ አለው። ጠዋት በዚያው ይወርዳል፤ ባትሪው ቦታ ስላለው የፊቱ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ይይዛል። ቁልቁለቱን ከ20 አያሳልፈውም። የማታው ጉዞ 34 ደቂቃ የነበረው፣ ሁሉን ካስተካከልን በኋላ 27፣ ሶኬቱ ከተዛወረ በኋላ 25 ሆነ። ጠዋቱ ግን በሁለት ደቂቃ ረዘመ። እያወቀ ነው ያረዘመው።

ያልፈታነው ነገር አለ። ክረምቱ። ዝናብ ሲጥል የቀለም መስመርና ለስላሳ ንጣፍ ለትንሽ ጎማ ሳሙና ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ ያገኘነው 7.5 ሜትር እርጥብ ላይ ስንት እንደሚሆን ለመለካት ሞክሮ በሁለተኛው ሙከራ ጎማው ሲከዳው አቆምነው። ዝናብ ሲይዝ በታክሲ ይሄዳል።

ብሎኑን በተመለከተ አንድ ዘዴ አሳየሁት። ከተጠበቀ በኋላ የእናቱን የጥፍር ቀለም ወስደን፣ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ ድረስ አንዲት ቀጭን ቀይ መስመር አሰመርን። ብሎኑ ትንሽ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል። በየጠዋቱ ከመነሳቱ በፊት ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ፎቶ ላከልኝ። ቀዩ መስመር በፀጉር ስፋት ተሰብሯል። ከሥሩ "ዛሬ በሚኒባስ ነኝ። ቁልፉን ማታ ይዘህ ና" ብሎ ጽፏል።